ስለ ኮረንቲ መጠንና በቤት ውስጥ ስለሚታየው የአምፔር ቁጥር

የኤሌክትሪክ ኀይል ወደ አንድ መንደር በገባ ጊዜ የሰው ሁሉ ዐይን በአምፖሉ ላይ ያርፋል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትንሽ ሣጥን ግን መስመሩን ከዘረጋው ሠራተኛ በቀር ልብ ብሎ የሚያየው የለም። በዚያ ሣጥን ውስጥ በተደረደሩት ብሬከሮች ፊት 10፥ 16፥ 25፥ 32 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። ባለቤቱ የቁጥሩን ትርጉም ካላወቀ፥ ብሬከሩ ደጋግሞ ባቋረጠበት ጊዜ «ይህ ደካማ ነው፥ ከዚህ የበረታ ይምጣልኝ» ብሎ ባለ 16ቱን አስወጥቶ ባለ 32 ያስገባል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አያቋርጥም፤ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን በዚያች ቀን የቤቱን ዘበኛ በገዛ እጁ እንዳሰናበተ አላወቀም።

ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ማንበብ የሚችሉ አባቶችና እናቶችም ለጎረቤቶቻቸው ያስረዱ ዘንድ፥ ቁጥሩ ምን እንደሚናገር ከሥሩ ጀምረን እንገልጻለን።

ኮረንቲ የሚለው ቃል ከኢጣልያ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም የሚሮጥ፥ የሚፈስ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ኮረንቲ ሲል ኤሌክትሪክን በጠቅላላው መጥራቱ ነው፤ ቃሉ ግን በትክክል የሚስማማው በሽቦ ውስጥ ለሚሄደው ጅረት ነው። በመስኖ የሚያርስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃው ከከፍታ ሲወርድ የሚገፋው ኀይል አለ፤ በቦዩ ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ በየሴኮንዱ የሚያልፈው የውሃ ብዛት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከከፍታ የሚወርድ ውሃ በቀጭን ቱቦ ቢሄድ ግፊቱ ብርቱ፥ ብዛቱ ግን ጥቂት ይሆናል። በሜዳ ላይ የተንጣለለ ወንዝ ግፊቱ ዝግ ያለ፥ ብዛቱ ግን እጅግ ነው። በኤሌክትሪክ ግፊቱ የሚለካው በቮልት ነው፤ የሚያልፈው ብዛት የሚለካው በአምፔር ነው። ምሳሌው አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ውሃ ወደ እርሻ ፈስሶ ሲቀር የኤሌክትሪክ ጅረት ግን በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ሽቦ ይመለስ ዘንድ ግድ ነው። መመለሻ ካጣ አይሄድም። ወደ ሶኬት የሚገቡት ሽቦዎች ቢያንስ ሁለት የሆኑት ስለዚህ ነው።

አምፔር የሚለው ስም የአንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ስም ነው። አንድሬ ማሪ አምፔር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1775 ዓመት ተወልዶ በ1836 ዓመት ዐረፈ። በ1820 ዓመት የዴንማርክ ሰው ኤርስቴድ ጅረት በሚሄድበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ እንደሚዞር ባስታወቀ ጊዜ፥ አምፔር ነገሩን ተከታትሎ ሁለት ጅረት ያለባቸው ሽቦዎች እርስ በርሳቸው እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ በሒሳብ አስረዳ። በኋላም ሊቃውንት ለመለኪያው በስሙ ጠሩት። በዛሬው ዕውቀት አንድ አምፔር ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስድስት ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ያህል ኤሌክትሮን በአንድ ቦታ ማለፉ ነው። የኤሌክትሮን ብዛት ለሕፃናት ቢነገር ያስደንቃቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም፤ የሚጠቅማቸው ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ነው።

በእያንዳንዱ የቤት ዕቃ ጀርባ ወይም ሥር ዋት የሚባል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ዋት ቮልትን በአምፔር ያበዙት እንደ ሆነ የሚገኘው ኀይል ነው። በአገራችን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ዋቱን ለ220 ያካፈለ ሰው ዕቃው የሚስበውን አምፔር ያገኛል። 9 ዋት የሆነው አዲሱ ዓይነት አምፖል ከአንድ አምፔር ከመቶ አራት እጁን ብቻ ይስባል። 100 ዋት የሆነ ቴሌቪዥን ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። 1100 ዋት የሆነ ካውያ 5 አምፔር፥ 1500 ዋት የሆነ ምድጃ ወደ 7 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ግን ብዙ ጊዜ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ስለ ሆነ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይፈልጋል። አንዱ ባለ 4000 ዋት ምጣድ የሚበላው ኀይል ከአራት መቶ አምፖሎች ይበልጣል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሥራው ቤተ መንግሥቱን ማብራት ነበረ። ለመብራት ብቻ የተዘረጋ ሽቦ ምጣድ ሲገጠምበት ምን እንደሚደርስበት መረዳት የዛሬው ሰው ፈንታ ነው።

ሽቦ ምንም ያህል መልካም መዳብ ቢሆን ጅረቱን ጥቂት ይቃወመዋል፤ ይህም ተቃውሞ ኦም በሚባል መለኪያ ይለካል። በተቃውሞውም ምክንያት ሽቦው ይሞቃል። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 ዓመት እንዳስረዳው ሙቀቱ የሚያድገው ጅረቱ ባደገበት ልክ አይደለም፤ ጅረቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነው እንጂ። ስለዚህ በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚሄደው አምፔር እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ቢሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ይህን አንድ ነገር ተማሪው በሚገባ ካወቀ የቀረው ሁሉ ይቀልለታል። አስተማሪውም በዚህ ላይ አይቸኩል።

ሽቦውን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ነው። ከዚያ ባለፈ ሙቀት ውሎ ቢያድር እየደረቀ ይሰነጠቃል፥ ይቀልጣል፤ ሁለቱ ሽቦዎችም ይገናኛሉ። ሽቦው በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ወይም በጣሪያው ጭድና እንጨት አጠገብ ቢያልፍ እሳቱ የሚነሣው ሰው በማያየው ስፍራ ነው። ቀጭን ሽቦ ከወፍራሙ ይልቅ ብዙ ተቃውሞ ስላለው ፈጥኖ ይሞቃል። ስለዚህ በልማድ ለመብራት መስመር 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ከባለ 10 አምፔር ብሬከር ጋራ፥ ለሶኬት መስመር 2.5 የሆነው ከባለ 16 ጋራ፥ ለምጣድ 4 የሆነው ከባለ 25 ጋራ ይያያዛል። በገበያ ላይ ከላይ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦም አለና፥ ገዢው ጫፉን ፍቆ ነጭ ቢያይ ለመዳብ የተባለው ልክ እንደማይሠራለት ይወቅ።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በብሬከሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባለቤቱን ፍላጎት አይናገርም፤ የዕቃውንም ጉልበት አይናገርም። የሚናገረው ከኋላው ያለው ሽቦ ሊሸከም የሚችለውን ነው። ብሬከር የሽቦ ጠባቂ ነው። ለባለ 16 አምፔር ሽቦ ባለ 32 ብሬከር ያገባ ሰው፥ ሽቦው ከተፈቀደለት አራት እጥፍ ሙቀት ሲሸከም ዘበኛው ዝም እንዲል አዘዘ።

ብሬከር ሁለት ዓይነት ጠባቂ በውስጡ አለው። አንደኛው ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ቅጠል ነው፤ ብረቶቹ ሲሞቁ እኩል ስለማይረዝሙ ቅጠሉ ቀስ እያለ ይጎብጥና ማብሪያውን ይፈታል። ሁለተኛው የሽቦ ጥቅል ነው፤ ጅረቱ በድንገት ከቁጥሩ ብዙ እጥፍ ሲሆን መግነጢስ ሆኖ በቅጽበት ይቆርጣል። ሁለተኛው የሚሠራው ሁለቱ ሽቦዎች በቀጥታ ሲገናኙ፥ ማለት ሾርት ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ግን ታጋሽ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ባለ 16 ብሬከር እስከ 18 አምፔር ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቆርጥ ሊታገሥ ይችላል፤ ከ23 አምፔር ካለፈ ግን ሰዓት ሳይሞላ መቁረጥ አለበት።

ይህንም ማወቅ በብዙ ቤት የሚደርሰውን ነገር ይፈታል። እናት ሊጡን አቡክታ፥ ምጣዱን አሰስታ መጋገር ትጀምራለች። አሥር፥ አሥራ አምስት እንጀራ ካወጣች በኋላ መብራቱ ድርግም ይላል። «ምጣዱስ ደኅና ነበረ፥ ምን ነካው?» ትላለች። ምጣዱን ምንም አልነካውም። ባለ 4000 ዋት ምጣድ በባለ 16 ብሬከር ላይ ተገጥሞ 18 አምፔር ሲስብ ቆየ፤ በዚያው መስመር ማቀዝቀዣ ሲነሣ ወይም ልጅ ካውያ ሲሰካ ልኩ አለፈ፤ ቅጠሉም ሞቆ ፈታ። ትክክለኛው መድኀኒት ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ መስመር ከሣጥኑ ጀምሮ አስዘርግቶ በዚያ መስመር ራስ ባለ 25 ብሬከር ማስገባት ነው። ሽቦውን ሳይለውጡ ብሬከሩን ብቻ መለወጥ፥ ይልቁንም ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ በስፍራው የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት፥ በሽታውን ትቶ የሚያስታምመውን ሰው መግደል ነው።

ብሬከሩ ጨርሶ የማያየው አደጋም አለ። የሶኬቱ ልሳን ሲላላ ወይም ሽቦው በብሎኑ ሥር በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር፥ በዚያች ነጥብ ላይ ጥቂት ተቃውሞ ይፈጠራል። ተቃውሞው ከአንድ ኦም ከዐሥር አንድ እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ፥ 18 አምፔር ሲያልፍበት 32 ዋት ሙቀት በጣት ጫፍ በምታህል ስፍራ ይወጣል፤ ይህም ብየዳ ለሚሠራ ሰው ቆርቆሮ ለማቅለጥ የሚበቃው ነው። ጅረቱ ከልኩ ስላላለፈ ብሬከሩ ምንም አይናገርም። ሶኬቱ ቢጠቁር፥ መሰኪያው ሲነካ ቢያቃጥል፥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቢመጣ፥ ያን ጊዜውን ማጥፋትና ማስጠገን ይገባል። ምጣድ በሶኬት ከሚሰካ ይልቅ በራሱ ማብሪያ በቀጥታ ቢታሰር የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ከጎረቤት ቆጣሪ በረጅም ሽቦ ኤሌክትሪክ መቀጠል በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት መተጋገዙ መልካም ሲሆን የሽቦውን ነገር ግን አስቦ የሚቀጥል ጥቂት ነው። አንድ ሰው 50 ሜትር ርቀት ላይ ካለ ቤት 1 ሚሊሜትር ካሬ በሆነ ቀጭን ሽቦ ቀጥሎ ባለ 3500 ዋት ምጣድ ጣደ እንበል። ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 100 ሜትር ነው፤ ተቃውሞውም ወደ 1.75 ኦም ይደርሳል። ሒሳቡ ሲወጣ ከ220 ቮልት ውስጥ 25 ያህሉ በመንገድ ቀርቶ ለምጣዱ የሚደርሰው 195 ቮልት ብቻ ይሆናል። ምጣዱም ከሚገባው ሙቀት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ይቀራል፤ ሴትዮዋም እርሾውን ወይም ጤፉን ትከሳለች። በመንገድ የቀረው 350 ዋት ያህል ደግሞ ሽቦውን ሲያሞቅ ይውላል፤ ቆጣሪው ይቈጥረዋል፥ ባለ ቆጣሪውም ይከፍልበታል። ሁለቱ ጎረቤቶች በወሩ መጨረሻ ቢጣሉ የጠባቸው ምክንያት ይህ ሳይታይ የቀረ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ሆኖ ለማስታረቅ የሚቀመጥ ሰው በመጀመሪያ የሽቦውን ውፍረት ይመልከት። ያ ቀጭን ሽቦ 14 አምፔር ሲሸከም በባለ 16 ብሬከር ሥር ሳይቆረጥ ይኖራልና፥ እሳቱም የሚጠበቀው ከዚያው ነው።

በቆጣሪው ፊት እንደ 5(60) ያለ ጽሑፍ ይገኛል፤ ከኋላው የላቲን ፊደላት መጀመሪያ የሆነው ፊደል ይቆማል፥ እርሱም አምፔር ማለት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ቆጣሪው የተመረመረበት መነሻ ሲሆን በቅንፍ ውስጥ ያለው በትክክል ሊቈጥር የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው። «ቆጣሪዬ 60 ይላልና 60 አምፔር ልስብ» የሚል ሰው ተሳስቷል፤ የቤቱን ልክ የሚወስነው ከሽቦዎቹና ከብሬከሮቹ ሁሉ ደካማው ነው።

የመንግሥት መስመር ባልደረሰበት አገር ፀሐይን ተቀብሎ በባትሪ የሚያበራ መሣሪያ ገብቷል። ብዙ ሰው «ይህ 12 ቮልት ብቻ ነውና አይጎዳም» ይላል። የ12 ቮልት ባትሪ የደረቀ እጅን እንደማይነዝር እውነት ነው። ነገር ግን ቮልቱ ሲያንስ ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚያስፈልገው አምፔር ይበዛል፤ 60 ዋት የሆነ ዕቃ በ220 ቮልት ከአንድ አምፔር ሲሶ እንኳ ሳይስብ በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። ስለዚህ የፀሐይ መሣሪያ ሽቦ ከመንግሥቱ መስመር ሽቦ ይልቅ መወፈር ይገባዋል። የትልቅ ባትሪ ሁለት ጫፎች በቁልፍ ወይም በሽቦ ቢገናኙ በመቶ የሚቈጠር አምፔር በቅጽበት ይፈስሳል፤ ብረቱም ግሎ ያቃጥላል። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሚደረገው ለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሽቦና ስለ እሳት ነው። የሰው ገላ የሚጎዳበት ልክ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ከአንድ ሺሕ አንድ እጅ የሆነው አምፔር፥ ሚሊአምፔር የሚባለው፥ ሲያልፍ ይሰማል። 10 ያህል ሲሆን የእጅ ጅማት ተኮማትሮ የያዘውን ሽቦ መልቀቅ ያቅታል፤ ሰው «ኮረንቲ ያዘው» የሚለው ይህን አይቶ ነው፥ በእውነቱ ግን የያዘው የገዛ ጡንቻው ነው። ከ30 በላይ ጥቂት ቢቆይ ልብን ያውካል፤ 100 ቢደርስ ይገድላል። የራሰ ገላ ተቃውሞ ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ስለሚችል 220 ቮልት በራሰ እጅ ውስጥ 220 ሚሊአምፔር ያህል ይሰድዳል። ባለ 16 ብሬከር 16000 ሚሊአምፔር እስኪደርስ የሚጠብቅ ነውና ሰውን ከሞት አያድንም። ሰውን የሚያድነው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ጅረት እያነጻጸረ የ30 ሚሊአምፔር ልዩነት ባገኘ ጊዜ የሚቆርጠው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፤ ከእርሱም ጋራ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ከምጣዱ ብረት ወደ ምድር የሚወርደው የመሬት ሽቦ ነው። ሊጥ በነካ እጅ፥ በባዶ እግር፥ በእርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ለሚጋገርበት ዕቃ ይህ ሽቦ እንዳይቀር።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ የነካ ሁለተኛ ሟች ይሆናል። በመጀመሪያ በሣጥኑ ማጥፋት፥ ማጥፊያው ሩቅ ቢሆን በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ማራቅ ነው። ከተላቀቀ በኋላ የማይተነፍስ እንደ ሆነ ሰው ወደ ሐኪም እየላኩ ደረቱን መካከል በሁለት እጅ በብርታት ደጋግሞ መጫን ይገባል። በኤሌክትሪክ ለተነሣ እሳትም ኀይሉ ሳይጠፋ ውሃ አይረጭበትም።

ለክፍል የሚሆን አንድ ማሳያ አለ፤ ወጪውም ጥቂት ነው። አስተማሪው አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይና ከወረቀት ጋራ የተጣበቀ ብርማ የማስቲካ መጠቅለያ ያዘጋጅ። መጠቅለያውን እንደ ጠባብ ጥብጣብ ቆርጦ መካከሉን እስከ ክር ውፍረት ያቅጥነው። ከዚያም በሸክላ ሳሕን ላይ ይዞ የብርማውን ሁለት ጫፎች በድንጋዩ ሁለት ራሶች ላይ ያስነካ። የቀጠነው መካከል ግሎ ይቃጠላል፤ ሰፊዎቹ ጫፎች ግን አይቃጠሉም። ጅረቱ በሁሉም ስፍራ አንድ ሲሆን የተቃጠለው ቀጭኑ ብቻ ስለ ምን እንደ ሆነ ተማሪዎቹ ይመልሱ። ማሳያውን የሚሠራው አስተማሪው ራሱ ነው፤ ልጆች በቤታቸው በሶኬት ላይ እንዳይሞክሩት አስቀድሞ በብርቱ ያስጠንቅቃቸው።

ከዚያ በኋላ ይህ ጥያቄ በሰሌዳ ይጻፍ። በአንድ ባለ 16 አምፔር የሶኬት መስመር ላይ 1100 ዋት ካውያ፥ 1500 ዋት ምድጃ፥ 100 ዋት ቴሌቪዥንና 2000 ዋት የውሃ ማፍያ በአንድ ጊዜ ቢሰኩ ስንት አምፔር ይሆናል? ብሬከሩስ ወዲያው ይቆርጣልን? ድምሩ 4700 ዋት ነው፤ ለ220 ሲካፈል ከ21 አምፔር ጥቂት ያልፋል። ብሬከሩ ወዲያው ላይቆርጥ ይችላል፤ ሽቦው ግን በ16 አምፔር ከሚሞቀው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት እየተሸከመ ይቆያል። ማፍያው ቢነቀል የቀረው 12 አምፔር ያህል ስለ ሆነ መስመሩ ያለ ሐሳብ ይሸከመዋል፤ ካውያውና ምድጃው ቢነቀሉም ማፍያው ከቴሌቪዥኑ ጋራ ከ10 አምፔር በታች ነው። የትኛው ቀድሞ፥ የትኛው በኋላ ይሰካ የሚለውን እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያሉትን ዕቃዎች ዋት አንብቦ፥ በሣጥኑ ላይ ያለውንም ቁጥር ሣጥኑን ሳይነካ ገልብጦ፥ በማግስቱ ሠርቶ ያምጣ።